ዳር ያለ ዝንብ ሁሉ የዳር ዝንብ አይደለም

ገበያተኛው «ለቃሚዋ» ይላታል። ሌላው ሰው ጭራሮ ይለቅማል፣ እሷ ዝንብ ትለቅማለች፤ ለዚያውም በደመወዝ! ከተማው ኮሌጅ የነፍሳት ጥናት ክፍል ውስጥ በወጣትነቷ ገብታ እዚያው ሸበተች። ዝንቦቹን በቀጭን መርፌ እየሰካች፣ በማጉያ መነጽር እያየች፣ ዘመድን ከዘመዱ ጋር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች። የሰው ዘር ማንዘር ቆጥረው የማይጠግቡ ባልቴቶች አሉ አይደል? እሷም ለዝንብ እንደዚያው ናት።

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው የዳር ዝንብ የሚባለውን ወገን ነው። ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፤ ፊታቸው ያኮረፈ ሰው ፊት ይመስል አበጥ ያለ ነው። በክንፋቸው ጠርዝ ላይ ያለችው ክር መሳይ ሥር ሁለት ቦታ ቆረጥ ትላለች፤ ዘመዳሞች መሆናቸው የሚታወቀው በዚህ በዚህ ነው። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ጨው ባነቀው ኩሬ ውስጥ ያድጋል። አንዱ የሩዝ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦረ ይበላል። የፊት እግሩን እንደ መቆንጠጫ አድርጎ ሌሎች ነፍሳትን የሚያድን ጉልበተኛም አለ። ይባስ ብሎ፣ ከመሬት በሚፈልቅ ድፍድፍ ዘይት ውስጥ የሚያድግም አለ።

ታናሽ ወንድሟ ዓሣ አድራቂ ነው። እሷም ሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ኩሬ አጠገብ ካለው ቤቱ በስተጓሮ ባለች ክፍል ትኖራለች። በዚያ ሰሞን የተሰጣው ዓሣ ትል እያፈላ አስቸገረው። አንድ ቀን ጠዋት በሁለት ጣቱ ዝንብ ቆንጥጦ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ከየት ያዝከው?»

«ከኩሬው ዳር።»

ከማጉያው ቀና ብላ በዓይኗ ገረፍ አደረገችውና፣ «የዳር ዝንብ ነዋ!» አለች።

እውነቷን ነበር። ያቺ ዝንብ የዳር ዝንብ ነበረች። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ከተማው ጽዳት ክፍል ሄዶ፣ «ዓሣዬን የፈጀው የዳር ዝንብ ነው፤ እህቴ በአፏ ነግራኛለች» አለ። እነሱም ኩሬው ላይ መርዝ ሊረጩ ቀን ቆረጡ። ይህን የሰማችው እራት ላይ፣ ከወንድሟ ሚስት ነው። ጉርሻዋን ወደ ትሪው መለሰች። ኩሬው ውስጥ ሌላ የትም ያላገኘችው፣ ገና ስም ያልወጣለት አንድ ዓይነት ዝንብ ነበረ።

«እኔ ነኝ ዓሣ በላ ያልኩህ?» አለችው ወንድሟን።

«አንቺ ነሽ የዳር ዝንብ ነው ያልሽው። ዓሣዬስ ዳር አይደል ያለው? የዳር ዝንብ ካልበላው ታዲያ የመሃል ዝንብ በላው?»

«የኩሬው ዝንብ ትል አረንጓዴውን የውሃ ዝቃጭ ነው የሚግጠው። ያንተን ዓሣ ዞር ብሎም አያየው!»

«ተዪው በቃ እትዬ። ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም።»

«ጋኑን ተወው! አንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ልትወጣ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህን ስለምታውቅ ክርክሩን ተወችና ሥራ ጀመረች። ትል ያፈላውን ዓሣ ቆርሳ በጠርሙስ ውስጥ ከሰጋቱራ ጋር አደረገች፤ አፉን በሻሽ ሸፍና በላስቲክ አሰረችው። ትሉ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ማንነቱን ራሱ ይናገራላ! ጠርሙሱም ሙቀት እንዲያገኝ ከማድ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለች የወንድሟ ሚስት አፍንጫዋን ይዛ፣ «እንግዳ ቢመጣ እነዚህን ምኖቼ ናቸው ልበል?»

«የባልሽ ከሳሾች በያቸው።»

«ሽታቸው ግን የእኔ ነው የሚመስለው!»

ሴትዮዋ አጉረመረመች እንጂ ጠርሙሱን አልነካችውም። ትሉ ወደ ሰጋቱራው ወረደ፤ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ለበሰ፤ ቆይቶም ፈነዳ። የወጡት ከሞላ ጎደል አረንጓዴ የሚያብረቀርቁ፣ ድምፃቸው ቤት የሚያናውጥ የጥንብ ዝንቦች ነበሩ። ለቃሚዋ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ግን ከእነሱ መሃል ጥቂት ትንንሾች አየች። ማጉያው ሥር አደረገቻቸው። ፊታቸው አበጥ ያለ። የክንፉ ሥር ሁለት ቦታ ቆረጥ ያለች። የዳር ዝንብ!

ማጉያውን አስቀመጠች። ጥቂቶቹን እፍ ብትላቸው ማን ያያል? ወንድሟ እንደሆነ አንዱን ካንዱ አይለይም። ግን ተነሥታ ጠርሙሱን እንደያዘች የዓሣ መስጫው ጋ ሄደችና ሁሉንም አሳየችው።

«ይኸው! የዳር ዝንብ አለበት አይደል?» አለ ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ።

«አለበት። ደግሞም አልደብቅህም። ግን ይሄኛው ወገን በድን ውስጥ የሚያድግ ነው፤ የኩሬው ሌላ ነው፣ እግሩም ክንፉም ሌላ። ኩሬውን ብትመርዝ ይሄንንም አረንጓዴዎቹንም አታገኛቸውም። ቤታቸው እዚያ ነው» ብላ ከመስጫው ጀርባ የተቆለለውን የዓሣ ሆድቃ አሳየችው። በእንጨት ገለጥ ስታደርገው ክምሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል።

ወንድሟ ፊቱን አዞረ። «የገዛ ቆሻሻዬ ነው የምትይኝ?»

«የገዛ ቆሻሻህ ነው።»

የሚረጨው ሰውዬ ሲመጣ፣ መርዙን በጀርባው እንዳዘለ፣ ዓሣ አድራቂው መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ተመለስ ወዳጄ።»

«ና ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ተመለስ የምልህም እኔው ነኝ። ሌላ ዝንብ ሆኖ ተገኘ።»

«ዝንብ ደግሞ ሌላ አለው?»

«አለው እንጂ! እህቴን ጠይቃት። ከጠየቅክ ግን እስኪመሽ አትለቅህም።»

ሰውዬው ከኋላ የቆመችውን እህት ዓይን አይቶ ላለመጠየቅ ወሰነ፤ ተመልሶም ሄደ።

ወንድምና እህት አካፋ ይዘው ወደ ክምሩ ሄዱና መቅበሪያ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ጉድጓዱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ወንድምየው ላቡን እየጠረገ ቀና አለ።

«አይበቃም? ሬሳ ነው እንዴ የምንቀብረው?»

«ሬሳ ነው» አለችው። «ቆፍር።»