ጥፍር ወይስ ክንፍ

ሁለቱ ሴቶች ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። ኡሚ ምናና ቂጣቸውን የወይራ ዘይቱ ውስጥ እንደነከሩ ቀና ብለው የምራታቸውን የቀኝ ዓይን ትኩር ብለው አዩ።

"ጥፍር አብቅለሻል" አሉ።

ሰሉሓ እጇን ወደ ዓይኗ ሰደደች። በዚያ ባሕር ዳርቻ ነገሩን ጥፍር ይሉታል። በአፍንጫ በኩል ከዓይኑ ነጭ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ጥቁሩ የሚሳብ፣ ደም ሥር የሞላበት ስስ ሥጋ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ወርደው ዛጎል ከሚለቅሙት ሴቶች ብዙዎቹ አላቸው። የሷ ዓይንም ከቀላና አሸዋ እንደገባበት መቆርቆር ከጀመረ ቆይቷል።

"የማን ጥፍር እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የልጄ ነው። ብልቃሲም ይዞሻል። ከባሕሩ ሆኖ እየጎተተሽ ነው።"

ሰሉሓ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ባለፈው ዓመት የባሏ ጀልባ ያለ እሱ ነበር የተመለሰችው። የዚያን ቀን ሰማዩ ደመና ስለነበር ጥቁር መነጽሩን አልያዘም። አሁንም ከበሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ማታ የባሏ ወንድም ላሚን መጣ። እናቱ ነግረውታል።

"ከእንግዲህ ባሕር የሚባል ነገር የለም" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ዓይንሽን ሞራ ጋርዶታል። ውሃው ሲመለስ ሳታዪው ቢከብሽ ማን ያወጣሻል? እቤት ተቀመጪና ልጆቼን ያዢልኝ። እንጀራ አናሳጣሽም።"

"እኔ በሞግዚትነት እንድትቀጥረኝ ለመንኩህ?"

"ምላስሽ ብቻ ነው ያልታመመው!"

"ተዋት አንተ" አሉ ኡሚ ምናና። "ስኳር አድቅቄ ዓይኗ ላይ እነፋበታለሁ። እናቴም እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ ስኳሩ ጥፍሩን ይበላዋል።"

"ስኳሩን ለሻይዎ ያቆዩት፣ ኡሚ።"

እንዲህ ትበል እንጂ ፈርታለች። ዛጎሉ ውስጥ ያለው እንስሳ ከጭቃው ሥር ሲተነፍስ ከላይ ሁለት ቀዳዳ ይተዋል፤ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም አይበልጥም። ለቃሚዎቹ ያንን ምልክት "ዓይን" ይሉታል። ዓይኑን ያየ በማጭድ ጫፍ ገልበጥ ያደርግና ያነሣል፤ ያላየ ባዶ ቅርጫት ይዞ ይመለሳል። ሰሉሓ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጭቃው ሲያንጸባርቅ ዓይኖቹ ይጠፉባታል። ባሕሩን ካጣች ደግሞ የቀራት የሰው ቤት ጥግ ነው።

በማግስቱ ለቤት ሰው ሳትናገር የባሏን መነጽር ከምስማሩ አወረደችና አብራት ከምትለቅመው ከሸድሊያ ጋር ከተማ ወደሚገኘው የዓይን ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። የሰሉሓን አገጭ ብረት ላይ አስደግፋ በብርሃን አየቻት።

"ሞራ አይደለም፣ እናቴ" አለች። "ሞራ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ይሄ ላይ ላዩን የበቀለ ሥጋ ነው። ነቀርሳም አይደለም። ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ከውሃው ላይ የሚነሣው ነጸብራቅ፤ ዓመታት ተጠራቅሞ የሚያመጣው ነው።"

"ታዲያ ለምን ይደበዝዝብኛል?"

"ብሌኑ ላይ አልደረሰም፤ ግን የዓይኑን ጥቁር እየጎተተ ቅርጹን ያጣምመዋል። እየገፋ ከሄደ ይጋርደዋል። ስለዚህ ይቆረጣል። እንዲሁ ከቆረጡት መልሶ ይበቅላል፤ እኛ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ስስ ሽፋን ወስደን ቦታው ላይ እንለጥፋለን። ያኔ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።"

"ስኳር ቢነፋበትስ?"

"ዓይንዎን ያቆስለዋል! ማን ነው እንዲህ ያለዎት?"

"አማቴ። የሞተው ባሌ ጥፍር ነው ይላሉ።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። "የጥንት ሐኪሞቻችንም ጥፍር ብለውታል" አለች። "ግሪኮቹ ግን ትንሽ ክንፍ ነው ያሉት። ቅርጹን አይተው።"

ለቀማ በሚዘጋበት በበጋው ሊቆረጥላት ተስማሙ። እስከዚያው ሰፊ ቆብና ጥቁር መነጽር አይለያት ተባለ። ሰሉሓ የብልቃሲምን መነጽር አወጣች። ሐኪሟ በመሣሪያ ፈተሸችውና፣ "ጨረሩን በደንብ ይከለክላል። ለፊትዎ ግን ይሰፋል" አለች።

መንገድ ላይ ሰሉሓ ድንገት ቆመች። "ለካ ክንፍ ነው ያበቀልኩት!"

"በአንድ ክንፍ የት ልትደርሺ ነው አንቺ?" አለቻት ሸድሊያ።

"ባሕሩ ድረስ ይበቃኛል።"

በማግስቱ ጠዋት የሳር ቆቧን ደፍታ፣ መነጽሩን አድርጋ፣ ማጭዷንና ቅርጫቷን አንሥታ ወጣች። ላሚን በሩ ላይ ቆሟል።

"ባል የሞተባት ሴት እንደ ዘፋኝ ጥቁር መነጽር አድርጋ! ሰው ምን ይላል?"

"የሐዘኔን ወራት ጨርሻለሁ። ለሰው ደግሞ ሐኪም ያዘዘላት ነው በል። ዞር በልልኝ፣ ውሃው እየሸሸ ነው።"

ላሚን እናቱን አያቸው። ኡሚ ምናና ከውስጥ እየተንቀረፈፉ መጡ።

"የልጄ ነው" አሉ መነጽሩን እያዩ። "አውልቂው።"

"አላወልቅም፣ ኡሚ።"

"ባሕሩ እሱን ወሰደ። አንቺንም ልትጨምሪለት ነው?"

ሰሉሓ ፍርሃታቸው ያኔ ገባት። ቢሆንም ከመንገዷ ፈቀቅ አላለችም። "ይህን ትቶት ባይሄድ ኖሮ አብሮት ጠፍቶ ነበር" አለች። "ለኔ ተረፈ። ዓይኔን ይዤ ነው የምሄደው፤ ዓይኔንም ይዤ እመለሳለሁ። ጥፍርም ይበሉት ሌላ፣ የሚጎትተኝ የለም። በእግሬ ነው የምሄደው።"

ጎንበስ ስትል መነጽሩ ከአፍንጫዋ ሊወድቅ ተንሸራተተ፤ በእጇ ያዘችው። አሮጊቷ ይህን አዩ። ዞረው ወደ ጓዳ ገቡ። ላሚን ያሸነፈ መስሎት እጁን አጣጠፈ።

ኡሚ ምናና ከሚፈትሉት ሱፍ ቁራጭ ክር ይዘው ተመለሱ። ምራታቸውን በትከሻዋ አዞሩና ክሩን ከመነጽሩ ሁለት ጆሮዎች ላይ አስረው ከኋላዋ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት።

"ውሃ ውስጥ ብትጥይው ወዮልሽ" አሉ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተ ምን ተገትረሃል? ልጆችህን ራስህ ያዝ።"

ጭቃው ላይ ሴቶቹ ከሩቅ አይተዋት ሳቁ። "ዘፋኟ መጣች! ዝፈኝልን እንጂ!" ሰሉሓ አጎንብሳ ነበር። በጥቁሩ መስታወት ሥር ያ ሁሉ ነጸብራቅ በርዷል። እግሯ ሥር ሁለት ዓይኖች ቁልጭ ብለው ታዩ።

ማጭዷን ሰደደች።