ሰው የሌለበት ፎቶ

በሀዋሳ የአንድ ቀበሌ አብዮት ጠባቂ የነበረው ወልደአማኑኤል፣ እናቱ «ደህና አደርክ?» ብትለው እንኳ «ማን ልኮሽ ነው?» ሳይል አይቀርም። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር ልብስ ሰፊዋ እትዬ እህተማርያም ቤት ጎራ ሲል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች አየ። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ሰማይ፤ አንድም ሰው የለም። ባዶ መሬት ፎቶ የሚያነሳ ሰላይ ካልሆነ ማን ነው?

«የት ነው ይሄ?»

«የአሰብ መንገድ። ሾፌሩ ወንድሜ ነው የሚያመጣልኝ። እኔ ከሻሸመኔ አልፌ አላውቅ፤ ሲደክመኝ ቀና ብዬ በነሱ እናፈሳለሁ።»

«ይህን የመሰለ ሐይቅ ደጅዎ ተንጣሎ በረሃ ምን ያደርግልዎታል?»

እትዬ እህተማርያም መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና «ሐይቁ ዳር አንተ አለሃ! እዚያ ግን የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ዋልሽ የሚል የለም» አሉት።

ወልደአማኑኤል አንዱን ፎቶ «ለማስረጃ» ብሎ ነቅሎ ሄደ። ቀበሌ ገብቶ በሩን ዘጋና ጥፋት ፍለጋ አፈጠጠበት። አሸዋው ላይ የሚያደምጥ የለም፤ ድንጋዩ ሥር ተደብቆ የሚጽፍ የለም። ዞር ብሎ ጀርባውን ሳያይ ግማሽ ቀን ተቀመጠ፤ እንዲህ ከተቀመጠ ስንት ዘመኑ!

ሊወጣ ሲል ሪፖርቱ ላይ «ማስረጃው ጠፍቷል» ብሎ ጻፈና ፎቶውን ደረት ኪሱ ከተተው።