የዚያ ሰንበት ነዶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ነፍሷን ይማርና ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዐቢይ ጾሙ ከፊታቸው ተንበርክኬ የተቆጣሁትን፣ ሰው ያማሁትን፣ አንድ ረቡዕ ረስቼ ወተት የቀመስኩትን ሳይቀር ዘርዝሬላቸዋለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እሳቸውም በመስቀላቸው ባርከው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል፤ እኔም እንዳልተፈታሁ እያወቅሁ መስቀሉን ስሜ እወጣለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግሁ። አሁን ይህን የሚያነቡ እርስዎ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ፊትዎን ስለማላየው ሳይቀለኝ አይቀርም።

የአምባሰል ገበሬ ነኝ። ቤቴ ከሐይቁ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው፤ ደጄ ላይ ቆሜ ውሃው ይታየኛል። በልጅነቴ ድቁና ተቀብያለሁ። አግብቼ፣ ሞፈር ጨብጬ ስኖርም ሰው "ዲያቆን" ብሎ መጥራቱን አልተወም፤ እኔም መጠሪያውን እወደው ነበር። አጥባቂ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ለገበያ በወረድኩ ቁጥር ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልኩ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር ግማሽ ቀን ስከራከር እውላለሁ፤ ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "መጣ ደግሞ" ይባባላሉ። ቤተ ክርስቲያን ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ማኅበር ላይ ተሰብስበን ሳለ አንድ ወጣት፣ ክርስቲያን ከትእዛዛቱ መካከል የሚጠብቀውን መምረጥ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አይችልም፣ አልኩ። ትእዛዝ እንደ ገበያ ሽንኩርት ደህና ደህናውን ለቅመህ ሌላውን ለባለቤቱ የምትተውለት አይደለም፣ አልኩ። ሰው ሳቀልኝ። ልጁም አመሰገነኝ። ይህን በሆዴ ይዤ እንዴት አፌ ተከፈተ? 

እኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ነው፤ አንዳንዱም የአንድ አያት ልጅ ነው። ክርስቲያኑ በሰንበት ማሳ አይገባም። በመኸር ወቅት ዝናብ ካንዣበበ ግን ሙስሊም ጎረቤቶቹ ጅጌ ወጥተው፣ ያለ ምንም ክፍያ ተሰባስበው፣ ነዶውን ይከምሩለታል። የእነሱ አረፋ ሲደርስ፣ ወይም ጁምዓ ሲሆን፣ ከብታቸውን የምንጠብቀው እኛ ነን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አባቶቻችን፣ ቄሶቻችንም ጭምር፣ ሲመርቁት የኖሩት ነገር ነው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በመኸር ወቅት፣ በኅዳር፣ የእኔንም ጤፍ የከመሩልኝ እነሱ ናቸው። እሑድ ቀን ነበር። ቅዳሴ ቆይቼ ስመለስ ጎረቤቴ እንድሪስ ከልጆቹ ጋር ሥራውን ጨርሶ፣ ላቡን እየጠረገ አገኘሁት። እንድሪስ የእድሜ እኩያዬ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ዋና የተማርነው አብረን ነው። "እግዚአብሔር ያክብራችሁ" አልኩ፤ ብርዝና ቆሎም አቀረብኩላቸው። ሰንበት መሆኑ ትዝ አላለኝም አልልም። ትዝ ብሎኛል፤ አልከበደኝም።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ነው ያንን ያደረግሁት።

ታናሽ ወንድሜ አበራ የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ጥር ነው። ሚስቱን ትርንጎን እና የስድስት ዓመት ልጁን እናኑን ትቶ ሄደ። መሬቱ ከእኔ መሬት ጋር ድንበርተኛ ነው፤ ጥሩ፣ ጥቁር አፈር። እኔ የማርሰው መስሎኝ ነበር። ማንም ሳይሰጠኝ በልቤ የእኔ አድርጌው፣ የት ጋ ጤፍ፣ የት ጋ ማሽላ እንደምዘራበት ሳይቀር ወስኜ ነበር። ትርንጎ ግን ለእንድሪስ የእኩል እንዲያርሰው ሰጠችው፤ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። የመረጠችው ገር ሰው ስለሆነ ነው። እኔን ያልመረጠችኝም ስለምታውቀኝ ይሆናል። እኔ ተናደድኩ። ያኔ ንዴቴን የቤተሰብ ክብር እለው ነበር። ምኞት ነበር። የሰው የሆነውን መመኘት። እሱም እኮ ከዐሥሩ አንዱ ነው፤ ለሕፃናት ሳስተምረው የኖርኩት።

ያን ቅዳሜ የትርንጎ ጤፍ ታጭዶ አለቀ፤ ነዶው ማሳው ላይ እንደተኛ አደረ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከአምባሰል ገደል ጀርባ ደመና ተነስቶ ነበር፤ ጥቁር፣ ዝቅ ያለ። እንድሪስ መንገድ ላይ አገኘኝ።

"ዲያቆን፣ ሰማዩን አየኸው? ልጆቹን ጠርቻለሁ። ሳይወርድብን እንከምርላታለን ኢንሻአላህ።"

"ደግ አደረግህ" አልኩት። ፈገግ ብዬም ነበር መሰለኝ። ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥቼ፣ በአቋራጩ ቁልቁል እየሮጥኩ፣ ከእነሱ ቀድሜ ትርንጎ ቤት ደረስኩ።

በመንገድ ላይ ትእዛዙን መረጥኩ። በሰንበት አንተ ብቻ ሳትሆን በደጅህ ያለ እንግዳም እንዳይሠራ የሚለውን። ከሳምንት በፊት እንድሪስ የእኔን ጤፍ ሲከምር ይህ ቃል የት ነበር? ባልቴትንና የሙት ልጅን አታስጨንቁ የሚለውስ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ አልነበረም? አውቀው ነበር። በቃሌ ነው የማውቀው። አለፍኩት።

ትርንጎን እቤቷ ውስጥ አገኘኋት፤ ልጅቷ ውጭ ነበረች። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አንዲት ነዶ ካነሱ ሰንበት የተሻረው በአንቺ ደጅ ነው አልኳት። ለቄሶቹ እነግራለሁ፣ የአበራ ሙት ዓመት ሲደርስ አንድ ካህን ደጅሽን አይረግጥም፣ ነፍሱ ያለ ጸሎት የምትቀረው በአንቺ ነው አልኳት። ቄሶቹን መከልከል እችል ነበር? አልችልም። እንዲህ ያለ ነገር ብነግራቸው የሚገሥጹት እኔን ነበር። እሷ ግን ይህን አታውቅም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዲያቆኑ እኔ ነኝ። ዝም አለች።

ሰዎቹ ገመድና መንሽ ይዘው ሲመጡ ወጣችና ደጃፏ ላይ ቆመች። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። "ዛሬ ሰንበት ነው" አለች፤ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተመለሱልኝ።" ከዚያ የእንድሪስ ድምፅ ተሰማኝ።

"ትርንጎ፣ የእኔም እኩሌታ እዚያው ውስጥ ነው። ግን በሃይማኖትሽ አልገባብሽም። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።"

ገመዳቸውን እየሰበሰቡ ተመለሱ። የሰው እግር ሲመለስ ይህን ያህል እንደሚሰማ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። እኔ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ያየኝ የለም።

ዝናቡ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ። ሦስት ቀን ዘነበ። ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ ጤፉ በነዶው ውስጥ እንዳለ በቅሏል። የቀረው ጠቆረ።

ሰው ስለ ትርንጎ ማውራት ጀመረ። በገዛ እጇ ነው፣ ጅጌ መጥቶላት መለሰች፣ ምን ያለች ግትር ናት ተባለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠን ይህ ሲወራ "ለማክረርም እኮ ልክ አለው" ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ። በዚሁ አፌ። በዚያው ሰሞን እንድሪስ ፊት ይህንኑ ደገምኩት። እንድሪስ ግን "ሰው ለፈጣሪው ብሎ ባደረገው አይታማም" አለና ወሬውን ቆረጠው። እኩሌታው የጠፋበት እሱ ነው።

ሙት ዓመቱን በንፍሮ አወጣችው። ካህናቱ ሁሉም መጡ። እየዞረች ስታያቸው፣ ከዚያም ወደ እኔ ስትመለከት አይቻታለሁ። ያን ቀን እንደዋሸኋት ገባት። ለማንም አልከሰሰችኝም። በመጋቢት እናኑን ይዛ እኔ ቤት ሳይሆን እንድሪስ ቤት ሄደች፤ ልጇን ለእሱና ለሚስቱ አደራ ሰጥታ፣ ከሐይቅ መኪና ተሳፍራ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ከባሕሩ ዳር፣ ልንሻገር ነው የሚል መልእክት በሰው ስልክ አንድ ጊዜ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም።

እናኑን ያሳደጋት እንድሪስ ነው። ክርስቲያን አድርጎ አሳደጋት። በየእሑዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አምጥቷት፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል። በቤቱ ሲታረድ እሷ ከዚያ ስለማትበላ፣ የክርስቲያን ሥጋ ከሌላ ጎረቤት ያስመጣላታል። ከእኔ ቤት ጠይቆ አያውቅም። እኔ ውስጥ ቆሜ ስቀድስ በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ሰንበትን ማን እንዳከበረ አየዋለሁ።

ያን መሬት እስካሁን የማርሰው እኔ ነኝ፤ ትርንጎ ከሄደች ወዲያ ሰው ሁሉ ለወንድምየው ይገባል አለና ያዝኩት። የዚያን ማሳ እንጀራ በየቀኑ እበላለሁ። በኅዳር ደመና ሲነሣ ያ የሚመለስ እግር ይሰማኛል፤ በጠራራ ቀን፣ ሰው መካከል ሆኜ ይሰማኛል። በቅዳሴው ስለ መንገደኞች ሲጸለይ ትርንጎን አስባለሁ፣ ስላረፉትም ሲጸለይ አስባታለሁ። ከየትኛው እንደምደምራት አላውቅም። አንዳንዴ ከሁለቱም ወጥታ ደጃፏ ላይ ቆማ የቀረች ይመስለኛል።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ እንድሪስ ቤቱ ጠራኝ። አርጅቷል። እናኑ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ውጫሌ ትማራለች፣ ያን ቀን መጥታ ነበር።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ" አለኝ፤ "በእናንተ ደንብ ለሞተ ሰው የሚደረገው ለትርንጎም ይደረግላት። እህሉን እኔ እችላለሁ።"

እናኑ ቀና አላለችም። "አባ፣ ተዉት" አለች። "እናቴ ከእኔና ከሰንበቷ፣ ሰንበቷን መረጠች። እኔ ምን ላድርግላት?"

"አንች ልጅ፣ እናትሽን እንዲህ አትበያት" አለ እንድሪስ። ወደ እኔ ዞረ። "ዲያቆን፣ አንተ ንገራት እንጅ። መጽሐፉ የናንተ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። "ልጅ ናት፣ ይበርድላታል" ብዬ ተነሣሁ። ሁለተኛ ጊዜ። መጀመሪያ እናቲቱን በንግግሬ፣ አሁን ደግሞ ልጅቷን በዝምታዬ።

ስለዚህ ነው የምጽፈው። ውጫሌ ሄጄ መሬቱ በእናኑ ስም እንዲዞር አመልክቻለሁ፤ የእሷን ነው የመለስኩት፣ በጎ ሥራ አይባልልኝም። ይህን ወረቀት በሚመጣው እሑድ እንድሪስ ቤት፣ ሁለቱ ፊት አነበዋለሁ። ከዚያ ለንስሐ አባቴ አነባለሁ። ይፈቱኛል አይፈቱኝም የእሳቸው ነው።

ግን እዚህም ላይ መርጫለሁ። ከላይ "ዝም አለች" ብዬ ጽፌአለሁ። ዝም አላለችም። እርስዎን ይህን ያህል አስነብቤ እሱን ልዘለው ነበር።

እናኑ፣ ይህ ለአንቺ ነው። እናትሽ ስለ ሙት ዓመቱ ሰምታ አልተመለሰችም። እንዲህ አለችኝ፦ "ጋሼ፣ የሞተውስ አምላክ አለው። ዝናቡ ከወሰደው ለእናኑ ምን ላብላት?" እኔም እጄን አንስቼ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ከጎተራዬ አበላታለሁ ብዬ ማልሁላት። ሁለት ጊዜ አስማለችኝ። ሰዎቹን የመለሰቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ አንቺን በእጇ፣ ባዶ ስልቻ በትከሻዋ ይዛ መጣች። ለእኛም አልበቃን አልኳት። እንድሪስ የከመረልኝ ጤፍ ተወቅቶ ጎተራዬን ሞልቶት ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እንዲያውም ይቅር ለማለት አትቸኩዪ። ይህን ብቻ እወቂልኝ፦ እናትሽ ሰንበትን ከአንቺ አልመረጠችም። አንቺን አልተወችሽም። እኔን አመነችኝ።