ያብቃቃሁት መድኃኒት

አሥራ አንድ ቤት ቀርቶ በእጅ ያለው መድኃኒት ለስድስት ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ የትኞቹን አምስቱን መተው ይገባል? ካቻምና ስማዳ ቆላ ላይ ይህ ጥያቄ ገጠመኝ። ያን ቀን የመለስኩት መስሎኝ ነበር። ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ያኔ የወባ መድኃኒት ከሚረጩት ሰዎች ጋር መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዲዲቲውን በውኃ የምበጠብጠውም እኔው ነኝ። አለቃችን ወደሚቀጥለው መንደር ቀድሞ ሄዷል። ዱቄቱ ማነሱን ሳይ፣ እንግዳ ሲበዛ ወጥ እንደሚቀጥነው ሁሉ ውኃ ጨመርኩበትና አሥራ አንዱንም ቤት አስረጨሁ። «ለሁሉም ይድረስ» አልኩ። መዝገቡ ላይ ግን «ሙሉ ልክ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ በሃያ ዓመቴ፣ ቤተ ልሔም ደብር፣ መሪጌታ አጎቴ ዘንድ ነው። ከድጓው አንዲት ምልክት የዘለለ ተማሪ ከመጀመሪያው ሲመለስ እያየሁ የተማርኩ ሴት፣ እንዲያ ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ከመካነ ኢየሱስ

ዘንድሮ በጥቅምት አለቃዬ ጠራኝ። «እዚያ መንደር ትኋኑ ተመልሷል። መድኃኒቱ ሞቷል፣ ሁለተኛ አናስረጭም ብለዋል። ወርደሽ መርምሪ» አለኝ። ትኋንና ቢምቢ የሚፈተንበት ሙሉ ልክ መድኃኒት የጠጣ ወረቀት፣ አራት ጠርሙስና መቆንጠጫ አስረከበኝ። የመንደሩን ስም ሲጠራ ጆሮዬ ጋለ። ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቀለልኩ።

ጎሕ ሲቀድ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅዬ በበቅሎ ወጣሁ። የእስቴ ደጋ ውርጭ ጥሎበት ነበር፤ የገብሱ ማሳ ከሩቅ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስንቄ በሶ ነው። ነጋዴዎቹ ከምንጭ ዳር አውርደው ሲያርፉ ትኩስ የባቄላ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ «ደብተር አይበላ፣ እንኪ» አሉ። ስማዳ ላይ አደርን።

ሐሙስ፣ ቁልቁል

ከገደሉ አፋፍ በቅሎ ስለማያስቀምጥ በእግሬ ወረድኩ። ነጠላዬን አንድ ጊዜ አጠፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አጠፍኩ፣ በመጨረሻ ከኮርቻው ላይ ጣልኩት። ማሽላው አሽቶ፣ ወፍ ጠባቂው ከማማው ላይ ወንጭፉን ያጮኸዋል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ጫኔ ከነችግራቸው ተቀበሉኝ። በቤታቸው ሁለት ሰው በወባ ንዳድ ተኝቷል።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቋል» አሉ። «የዚያች የልቅልቋ ነው።»

«ልቅልቋ ማን ናት?»

«እናኑ ናታ! ግድግዳውን እንዳትነኩ ተብለን ሳለ፣ ለልጇ ሠርግ ጭቃና እበት ለቀለቀችበት። ትኋኑ ከእሷ ቤት ወጥቶ መንደሩን ወረረው። ከጽዋ ማኅበርም አስወጣናት።»

ማደሪያ ስጠይቅ እመት እናኑ ቤት አልኩ። አያ ጫኔ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

እመት እናኑ ባላቸው የሞተባቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አፋቸው ግን ያልደከመ ሴት ናቸው። አልጋ ሲያነጥፉልኝ፣ «ትኋኑን አትጥይው፣ በዚህ መንደር ያላኮረፈኝ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርኩ። የለቀለቁት የፊት ለፊቱን ግድግዳ ብቻ ነበር። በጓዳው ግድግዳ ላይ የካቻምናው መድኃኒት ነጭ እድፍ እንዳለ ነው፤ ትኋኑ እዚያው እድፍ ላይ ይሄዳል።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ጠርሙሶቹ

ዓርብ ሰዉ ሁሉ አህያውን እየነዳ ወደ ዓርብ ገበያ ወጣ። «ነይ አብረን እንውጣ» ብሎ እመት እናኑን የጠራ አልነበረም። ሁለታችን ትኋን ስንለቅም ዋልን። ሃያ ካቻምና ሙሉ ልክ ከተረጩት ከላይኞቹ ቤቶች፣ ሃያ ካቀጠንኩባቸው ከታችኞቹ፤ በየጠርሙሳቸው፣ መድኃኒት በጠጣው ወረቀት ላይ። በሦስተኛው ጠርሙስ ከግድግዳ የያዝናቸውን ቢምቢዎች ከተትኩ። አራተኛው ውስጥ መድኃኒት የሌለበት ወረቀትና ጥቂት ትኋን፣ ለማመሳከሪያ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆጠርኩ። ከታችኞቹ ቤቶች ትኋኖች አሥራ አራቱ ገና ይሄዳሉ። ከላይኞቹ ዘጠኝ። ማመሳከሪያዎቹ ሁሉ ደኅና ናቸው። ቢምቢዎቹ ግን አንድም ሳይቀር ረግፈዋል።

ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩ። መድኃኒቱ አልሞተም፤ ቢምቢው ገና ይሞትለታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቅለቃውም የትኋኑ ምክንያት አይደለም። የእኔስ ውኃ? በአሥራ አራቱና በዘጠኙ መካከል ያሉት አምስቱ የእኔ ይሁኑ አይሁኑ ማን ይነግረኛል? ቁጥሩን ለማንም ሳላሳይ ደብተሩን ዘጋሁ። እመት እናኑ ለመኝታ ያዋሱኝን ነጠላ አጥቤ አሰጣሁ።

እሑድ

ስለዚያ እሑድ የምጽፈው ከቀናት በኋላ፣ ቤቴ ገብቼ ነው። ስንቅ ላካፈሉኝ ነጋዴዎች፣ ለበቅሎዋ፣ ስፈራ ላላጣደፈኝ ለዚያ ቅዳሜ ምስጋና አለብኝ። አለቃዬ የታረመውን መዝገብ ገልጦ አንድ በአንድ አነበበ፤ ቀጥሎ «ይህ ባይጻፍ ኖሮ በሌላውም ሁሉ ተሳስተን ነበር» አለኝና በሥራዬ አቆየኝ። የተማርኩትም አጭር ነው፦ እህል ይብቃቃል፤ መርዝ አይብቃቃም። ያነሰ መርዝ ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ለዘር ይተወዋል።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ያገኘሁት ከአያ ጫኔ ነው። ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከሾላው ሥር እንደተቀመጠ ተነሣሁ። ጠርሙሶቹን አሳየሁ፣ ቁጥሩን ተናገርኩ። ከዚያ፣ «መድኃኒቱን ያቀጠንኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ልክ ብዬም ዋሽቻለሁ። እመት እናኑ የለቀለቁት አንድ ግድግዳ ነው፤ ትኋኑ በዚያ አልመጣም» አልኩ።

«እንዲህም ብሎ ጸሐፊ!» አለ አንዱ ከኋላ።

አያ ጫኔ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥተው አገላበጡት። «እኔ ከአውድማ ላይ ጠንካራውን ዛላ መርጬ ለዘር አኖራለሁ። እኛም ለትኋን ዘር መረጥንለት በይኛ!»

«አዎን፤ ለቢምቢም እንዳንመርጥለት ነው ፍርሃቴ። አሁን ሙሉውን ካስረጫችሁ፣ ሁላችሁም ግድግዳውን ካልነካችሁ፣ ቢምቢው ገና ይሞታል።»

 አያ ጫኔ ጠርሙሱን መልሰውልኝ ወደ ማኅበሩ መሪ፣ ወደ ሙሴው ዞሩ። «የሚመጣው ጽዋ በማን ነው?»

ሙሴው ጉሮሮውን ጠረገ። «በእመት እናኑ ይሁን።»

 እመት እናኑ ግን እኔን ነበር የሚያዩት። «የእኔ ቤት ስንተኛው ነበር?»

«አሥራ አንደኛው። የመጨረሻው።»

«እንግዲያ መጥነሽ ብትረጪ ኖሮ ለእኔ ጠብታም አይደርሰኝም ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያን ዓመት ልጄን ንዳድ አልነካትም። ዳርኳት። በይ ደብተርሽን አምጪ፤ እኔ እያየሁ አርሚው።»

ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ሙሉ ልክ» የሚለውን በቀይ ሰረዝኩ፤ ከጎኑ እውነቱን ጻፍኩ። እመት እናኑ ማንበብ አይችሉም። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ግን ነፋስ እንዳይገልጠው ገጹን በሁለት እጃቸው ይዘውልኝ ቆዩ።