የአንባቢ ስም

የያዙኝ ደብረ ታቦር ውስጥ የምሠራበትን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር እየከፈትኩ ሳለ ነው። ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉኝ። አልሰደቡኝም፣ አልገፈተሩኝም። ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነበር።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ እርጥብ ጋቢ ጋቢ ይሸታል። ጥግ ላይ ከጉና ተራራ በኩል የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምተው የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝ። ብርድ መስሏቸው ይሆናል።

ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ማስረዳቱ ቀላል አልነበረም። የቤተ መጻሕፍት አማካሪ ኮሚቴ አባል ነኝ። የአገሪቱ የዲጂታል መረጃ ፖሊሲ ሲረቀቅ አስተያየት ስጡ ተባልን፤ እኛም የአንባቢ ስም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም አይሰጥ የሚል አንቀጽ ጨመርን። ሻይ እየጠጣን፣ በሩብ ሰዓት። በራሳችንም ቤት ሥራ ላይ አዋልነው፤ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን ስም የምንመዘግብበትን ገጽ ዓርብ ዓርብ ማቃጠል ጀመርን።

«ምከሩኝ ብሎ የጠራችሁ መንግሥት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እናንተም መከራችሁት።»

«መከርነው።»

«እንደ ንስሐ አባት እንሁን ነው ያላችሁት» አሉ ቀጥለው። እኛ ሦስት ገጽ የፈጀንበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር መንግሥትን የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ በኢንተርኔት ወጥቷል፤ የዚያ ሳምንት ገጽ ደግሞ ተቃጥሏል። ስለዚህ ማን ማን እንደነበረ ከጭንቅላቴ እንድጽፍለት ፈለገ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳለው ልጠይቅ አስቤ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

ያን ዕለት የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። የሐሙሲት ከተማ ልጅ፣ የነርስነት ተማሪ። ምን እንደጻፈች አላውቅም፣ ስሟን ግን አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የአንባቢን ስም ባለመርሳቴ ስኮራ ኖሬ፣ ያን ቀን ይህን ጭንቅላቴን ረገምኩት።

«ሦስት ልጆች አሉህ አይደል?» አለኝ መርማሪው ረጋ ብሎ።

አልዋሽም፤ ልጽፈው ነበር። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ቀጣዩን ፊደል ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ጀግንነት አልነበረም፣ ማፈር ነው። ፊደሉን እስኪጠቁር ድረስ ደመሰስኩትና ከሥሩ የራሴን ሙሉ ስም እስከ አያቴ ጻፍኩ። ማክሰኞ ዕለት እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ይኸ ብቻ?»

«የምጽፈው ይኸን ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት ታስሬ ቆየሁ። ለምን እንደያዙኝ በደንብ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደፈቱኝም ሳይነግሩኝ ወጣሁ። ልጅቱን የነካት የለም።

በቅርቡ ኮሚቴው የተሻሻለውን ረቂቅ እንዲያይ ተጠራ። አንቀጻችን አልወጣም፤ «በተቻለ መጠን» የሚሉ ሁለት ቃላት ግን ተጨምረውበታል። ሰብሳቢው ተቃውሞ ያለው ካለ ብሎ ዞር ዞር አለ። ሁሉም ረቂቁ ላይ አቀረቀሩ። እኔም ፈራሁ፤ ዛሬም የመኪና በር ሲዘጋ እደነግጣለሁ። ነገር ግን ያ የመርማሪው ወረቀት ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ ለሰው የሚቻለው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከመካከላችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን አወጣሁና ሁለቱ ቃላት ይሰረዙ አልኩ።