ያልታመመችው ላንድሮቨር

ጋሽ ጠይብ ዋጋ ሁለት ጊዜ አይናገሩም ነበር። መርካቶ በርበሬ በረንዳ ጥግ ላይ የጆንያና የገመድ ሱቅ ነበራቸው። ገዢ መጥቶ ሲጠይቃቸው አንዴ ይናገሩና ወደ ገመዳቸው ይመለሳሉ። ሌላው ነጋዴ ለአንድ ጆንያ አሥር ጊዜ ወላሂ በሚልበት ገበያ እሳቸው ሲምሉ የሰማ የለም። "ይማሉልኝ" ያላቸው ገዢ ሲመጣ፣ "ካላመንከኝ ሌላ ጋ ጠይቅ፤ ለጆንያ አልምልም" ይሉታል። ገዢው ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሳቸው ጋ ይመጣል።

የመጡት ከወሎ፣ ከከሚሴ አካባቢ ነው። እኔ የማውቃቸው በጉርብትና ነው፤ ከአማኑኤል ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። የምጽፈው ያየሁትንና ባለቤታቸው እትዬ ዙህራ ኋላ የነገሩኝን ነው። ከዚህ የተሻለ የሚጽፈው ሰው ይኖር ነበር፤ ግን እስካሁን ማንም አልጻፈውም።

ላንድሮቨሯን የገዟት አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ነው። ልጆቻቸውን ሁሉ ከኋላ ትይዛለች። ለአረፋ በግና ፍራሽ ጭና ከሚሴ ድረስ ትሄዳለች። ጋሽ ጠይብ እጅ ከገባች ወዲህ ጋራዥ አይታ አታውቅም። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ጥላ ሠርተውላት፣ እሑድ ሲሆን ቱታቸውን ለብሰው ከሥሯ ይገባሉ። የተሰበረ ነገር ሲኖር ምን አለሽ ተራ ወርደው፣ ከብረቱ ክምር ውስጥ የሚቀርበውን መርጠው ያመጡና በሞረድ እያስተካከሉ ይገጥሙላታል።

እሑድ እሑድ ካሳም ከመኪናዋ ሥር አብሯቸው ይተኛል። ካሳ በአሮጌ ፒክአፕ የሰው ዕቃ እያመላለሰ የሚኖር ወጣት ነው፤ ቤቱ ከጋሽ ጠይብ በር ፊት ለፊት ነበር። ከመኪናዋ ሥር ሁለት ጥንድ እግር ብቻ ይታያል፣ ጨዋታቸው ግን አጥር ተሻግሮ ይሰማናል።

"ጋሼ፣ ይቺን ሴትዮ ጡረታ አያወጧትም?"

"አስቀድመህ ያንተን አህያ ጡረታ አውጣ።"

"የኔዋ ገና ልጃገረድ ናት።"

"ጭሷን ያየ ልጃገረድ አይላትም።"

ሚስቱ ያለምወርቅ በር ላይ ቆማ ምሳው ቀዘቀዘ እያለች ትጠራዋለች። ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

በ1969 ክረምት በምሥራቅ ያለው ጦርነት ወደ መርካቶም መጣ። ሰልፉና መፈክሩ ሲበዛ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከየቀበሌው ለዘመቻ የሚሆን መኪና ከነነጂው ይወሰዳል የሚል ወሬ ተሰማ። ለጭቃና ለኮረብታ የምትሆን መኪና በሰፈራችን አንዲት ብቻ እንደነበረች ሁሉም ያውቃል።

ያን ዕለት እትዬ ዙህራ ለባላቸው፣ "ተበላሽታለች በላቸው" አሉ።

"ያልተበላሸችውን?"

"ልጆቹን ለማን ጥለህ ልትሄድ ነው? እኔ ነኝ ጆንያ የምሸጠው?"

ጋሽ ጠይብ በማግሥቱ ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው መጡ፤ ቱታቸውን ለበሱ። የራዲያተሩን ውሃ አፈሰሱ። ከዚያ ቴስታታውን፣ ሞተሩን ከላይ የሚከድነውን ትልቁን ብረት፣ ብሎን በብሎን ፈትተው አወረዱት። አሁን ማንም ቢጠይቃቸው አትሄድም ቢሉ እውነት ነው።

ካሳ ከሥራ ሲመለስ ደረሰባቸው።

"ጋሼ፣ በሥራ ቀን? ምን ነካት?"

"ልያት ብዬ ነው።"

ካሳ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ስስ ጋርኒሲዮን አነሣና ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጠው። ሞተር ሲታመም መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ጋርኒሲዮኑ ደህና ነበር። ካሳ ጋሽ ጠይብን አያቸው፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ብሎን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ጋርኒሲዮኑን ቦታው መለሰውና አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ቫልቮቹን አብሯቸው ያጸዳ ጀመር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር የመጣው ቅዳሜ ነው። አብሮት ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ነበር። ካሳ ዕቃ አድርሶ መመለሱ ስለነበር እሱም ወደ ግቢው ገባ።

"ጋሽ ጠይብ፣ መኪናዋ ትሄዳለች?"

"አትሄድም።"

"እርስዎ አትሄድም ካሉ አትሄድም" አለና ሊቀ መንበሩ ሊወጣ ዞረ። ጥበቃው ግን ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ ያይ ነበር።

"ይሄ የተፈታ ነው እንጂ የተሰበረ አይደለም" አለ። "እስከ ሰኞ አትገጠምም?"

ጋሽ ጠይብ ከመሬት መፍቻ አነሡ። እስከ ሰኞ ቀርቶ እስከ ማታም ትደርስ ነበር።

"የት ትደርሳለች ጓድ?" አለ ካሳ ከኋላ። "ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቫልቮቹም አልቀዋል። ዕቃው ቢገኝ እንኳ ወር ይፈጃል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"አብሬ ነው የፈታሁት። ሾፌር ነኝ።"

ጥበቃው ኮፈኑን ለቀቀና ዘወር ብሎ አየው። "መኪና አለህ?"

"ፒክአፕ ናት፤ አሮጌ ናት።"

"ትሄዳለች?"

ፒክአፗ በር ላይ ቆማ ነበር። ሞተሯ ገና አልቀዘቀዘም። ካሳ ሳቅ ብሎ ወደ ጋሽ ጠይብ ተመለከተ፤ ቀልድ ጀምሮ መጨረሻው የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ጋሽ ጠይብ መፍቻውን እንደያዙ ቆሙ። እትዬ ዙህራ ከጓዳ በር ሆነው ባላቸውን ያዩ ነበር፤ "እውነቱን እስኪናገር እጠብቀው ነበር፤ ደግሞ እንዳይናገር እለምን ነበር" ብለውኛል።

ካሳ ሰኞ ከነፒክአፑ ለዘመቻ ሄደ። ያለምወርቅ ስንቁን ስትጭን፣ ጋሽ ጠይብ የፒክአፗን ዘይትና ጎማ ራሳቸው ፈተሹለት። ካሳ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ "ጋሼ፣ እስክመጣ እንዳይገጥሟት" አላቸው። "ብቻዎን ከገጠሟት ብሎን ይተርፍዎታል። አብረን ነው የምንገጥማት።"

"እሺ።"

"ሰማሽ አይደል ያለም? እሺ ብለዋል።"

ከዚያ በኋላ ጋሽ ጠይብ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ጥላው ሥር ይቀመጣሉ። ቴስታታውን፣ ቫልቮቹን፣ ብሎኖቹን እያንዳንዳቸውን ከጆንያ ውስጥ ያወጡና ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው፣ መልሰው ይጠቀልሏቸዋል። የሞተሩን አፍም በዘይት በራሰ ጨርቅ ይደፍኑታል። እትዬ ዙህራ፣ "ወይ ግጠማት፣ ወይ ሽጣት፤ እንደ ሬሳ አትጠባት" ሲሏቸው፣ "ካሳ ሲመጣ" ብቻ ይላሉ። ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ሰዎች በዋጋ ተከራክረው፣ "ጋሽ ጠይብ ካሉ አለቀ" ሲባል እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ይህን እኔም ራሴ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር።

ያለምወርቅ ሴት ልጅ ወለደች። አንዳንዴ ሕፃኗን አዝላ ትመጣና ሲጠርጉ ታያቸዋለች። "ይጠንቀቁ ጋሼ፣ ካሳ ዝገት ካገኘ ይቆጣዎታል" ትላቸዋለች።

በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ እግሩን አጥቶ ከግንባር የተመለሰ አንድ ነጂ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ሀብተ ወልድን ፈልጎ መጣ። ካሳ ከነፒክአፑ ከጅጅጋ ወዲህ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ነጂው በዓይኑ አይቷል።

መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ያለምወርቅ ደግሞ ገና አራስ የምትባል ናት፤ እናቷ አጠገቧ ሳይኖሩ ሊነገራት አይችልም። እናቷ የሚኖሩት ሙከ ጡሪ ላይ አስፋልቱ ተለቅቆ በሚገባበት የገጠር መንደር ነው። ዝናቡ ከጀመረ ሰንብቷል። ጋሽ ሀብተ ወልድ ጥቂታችንን ቤታቸው ሰብስበው፣ ዛሬ እናትየውን አምጥተን ነገ ማለዳ እንንገራት አሉ።

"እዚያ ጭቃ ውስጥ ምን መኪና ይገባል?" አለ አንዱ።

"የጋሽ ጠይብ ላንድሮቨር ዕቃዋ ቢገኝላት ኖሮ..." አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ።

"ዕቃ አልጎደላትም" አሉ ከእኛ ጋር የተቀመጡት ጋሽ ጠይብ። "ከቀትር በፊት ትደርሳለች።"

ሁላችንም አየናቸው።

ብቻቸውን ገጠሟት። እርዱኝ አላሉም፤ እኛም ደፍረን አልቀረብንም። አንድም ብሎን አልተረፋቸውም። ባትሪው ሞቶ ስለነበር ማኖቬላውን ከፊት አስገብተው በእጃቸው አዞሩት። በሁለተኛው ዙር ተነሣች። ድምፁ ግቢውን ሞላው፤ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ሞተር አይመስልም ነበር።

ያለምወርቅ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በርቷል።

"ጋሼ፣ ገጠሟት እንዴ? መጣ? የት ነው ያለው?"

ጋሽ ሀብተ ወልድ ቶሎ ብለው፣ "ኧረ ለሌላ ጉዳይ ነው ልጄ፣ አንድ የታመመ ሰው ልናመጣ..." ማለት ጀመሩ። እሷ ግን አላየቻቸውም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ጠይብ ማኖቬላውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ያለምወርቅ ፊታቸውን መረመረች። ከዚያ ልጇን እትዬ ዙህራ ከእጇ ተቀበሏት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም።

እኛ ግን መሄድ ነበረብን፤ አሁን እናቷ ይበልጥ ታስፈልጋታለች። እኔ የተወሰድኩት መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ብትቀር እንድገፋ ነው። ጋሽ ሀብተ ወልድ ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ያጉረመርሙ ነበር። "አንዲት ቃል ቢሏት ምን ነበረበት? መርዶ እንዲህ ይነገራል? ለአንድ ቀን መዋሸት ኃጢአት ነው?" ጋሽ ጠይብ ይነዳሉ። ጭቃው ውስጥም አልቀረንም፤ እኔ አንዴም አልወረድኩም።

እናትየው ቀጭን፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ልጅዎን ትንሽ አሟታል አልናቸው። ነጠላቸውን ደርበው፣ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው መጡና ከፊት፣ በሁለቱ መሃል ተቀመጡ። ሱሉልታ ላይ ከጋሽ ሀብተ ወልድ ፊታቸውን መልሰው ወደ ጋሽ ጠይብ ዞሩ።

"እርስዎ ነዎት ጎረቤቷ? ስለርስዎ ትነግረኛለች። እኚህ ሰውዬ ይደብቁኛል። ልጄ ደህና ናት?"

"ደህና ናት እናቴ" አሉ ጋሽ ጠይብ። "ብርድ መትቷት ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ አይቻታለሁ፤ ስቃ አናግራኛለች። ሕፃኗም ወፍራለች። ናፍቀዋት ነው እንጂ ይህን ያህል የሚያስጠራ ሕመም አልነበረም።"

እንዲህ ረጅም ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ድምፃቸው ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ የኖረ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሽ ሀብተ ወልድ አንገታቸውን አዙረው አዩዋቸውና ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ እናትየው። "እንጃ፣ ልቤ ፈርቶ ነበር።" ቋጠሮውን ፈትተው ለሦስታችንም ቆሎ አደሉን። ጋሽ ጠይብም አንድ እጃቸውን ከመሪው ለቅቀው ተቀበሉ።

ከአማኑኤል ቁልቁል ስንወርድ የለቅሶው ድንኳን ካሳ በር ላይ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ሰው በግራና በቀኝ ቆሟል። የሴትዮዋ እጅ ቆሎውን እንደያዘ ቀረ።

"ያ ምንድን ነው?" አሉ።

ጋሽ ጠይብ ማርሽ ቀነሱ። ያን ጊዜ ሞተሩ ቢጠፋባቸው የሚወዱ ይመስለኛል። ግን ዓመት ሙሉ ዘይት ሲቀባ የከረመ ሞተር ነው፤ አንዴም ሳይንገራገጭ፣ ቀስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ወሰደን።