ያላስነደድኩት ምድጃ

ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን ጊንጪ ላይ የሞላሁት ነው።

አንድ ምግብ ቤት መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ሲጠይቅ ሄደን እናያለን። ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ያለውን ርቀት እንለካለን፣ ውኃውንና መጸዳጃውን እናያለን። ዋናው ጥያቄ ግን ቤቱ የእውነት ምግብ ቤት ነው ወይስ "ምግብ ቤት" የሚል ታፔላ የሰቀለ መጠጥ ቤት የሚለው ነው። ይህን የምናረጋግጠው ወጥ ቤት ገብተን ነው።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ከጤና ባለሙያው ባልደረባዬ ጋር ከአምቦ ተነስተን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ባለቤቷ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። "በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ" እያሉ ወንበሩን በነጠላቸው ጠረጉልን። ፈቃዱ ለፋሲካ ካልደረሰላቸው ደንበኛው ሁሉ ቢራ ወዳለበት እንደሚሄድ፣ ቤቱንም መልቀቃቸው እንደማይቀር ነገሩን።

ርቀቱ ምንም አይወጣለትም። መጸዳጃው ከእኛ ቢሮ ይሻላል። ወጥ ቤት ስንገባ ግን ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ድስቶቹም ታጥበው ተደፍተዋል።

"ልጄ፣ ቶሎ አንድጄ ትንሽ ሽሮ ላቅርብላችሁ?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ አይልፉ።"

ደስ አላቸው። የእሳቸውም ደንበኞች እስከ ዘጠኝ ጾመው ስለሚቆዩ እሳት የሚያነዱት ከሰባት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገሩን። ባልደረባዬ ጴንጤ ነው፣ ሁዳዴን አይጾምም። "ታዲያ ከሰዓት ተመልሰን ብናይስ?" ያለው እሱ ነበር። መኪናው በሰባት ሰዓት ይመለሳል አልኩት። እውነቱን ለመናገር ርቦኝ፣ ራሴን አሞኝ፣ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር።

ቅጹ "በፍተሻው ወቅት ምግብ ይዘጋጃል?" ይላል። "አይዘጋጅም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ፈቃዱን የከለከለው ደብዳቤ ደርሷቸው በሳምንቱ አምቦ ድረስ መጡ። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ላንድድ ስልህ ጾመኛ ነኝ አላልከኝም?" አሉኝ።

ያኔ ቅጹን መልሼ ማውጣት እችል ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው ብል አለቃዬ ቢበዛ ይቆጣኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ሰብሬ፣ "በሚቀጥለው ዙር ያመልክቱ" አልኳቸው።

ደብዳቤውን አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉና፣ "በል እንግዲህ፣ ጾምህን ይቀበልልህ" አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም፤ ከልባቸው መረቁኝ።

ቤቱ ዛሬ የቆርቆሮ መሸጫ ሆኗል። እኔ አሁንም ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ግን ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት የእሳቸው ምርቃት ትዝ ይለኛል።